ፊደሉ ቀድሞ፣ መደቡ ኋላ፦ ደብረ ማርቆስ ላይ ታፔላ ያሠራሁበት ስቲከር ቤት

ይኼን ለመጻፍ ክረምቱ እስኪያልፍ ጠብቄያለሁ። ታፔላ በተሰቀለ ዕለት ሁሉም ያምራል። ፎቶ አንስቶ «ጎበዞች ናቸው» ማለት ቀላል ነው። እኔ ግን አንዴ ተቃጥያለሁ፤ ስለዚህ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ፣ በረዶውም፣ ከዚያ ደግሞ የመስከረምና የጥቅምት ፀሐይ እስኪፈትነው ድረስ አንድ ቃል አልተነፍስም ብዬ ነበር። ታፔላው የተሰቀለው ግንቦት ላይ ነው። አሁን ኅዳር ገብቷል። እንግዲህ ልናገር።

ቤቱ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ነው፤ ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አደባባይ ብዙ ሳይርቅ። ጠባብ ክፍል ነው። አንድ የኅትመት ማሽን፣ አንድ ስቲከር መቁረጫ፣ ግድግዳው ላይ የተደረደሩ ጥቅልሎች፣ ሁለት ወጣቶች። ስሙን አልጠራም፤ ባለቤቱ «እትዬ፣ በእጄ ያለውንም ሥራ አላደረስኩም፣ ስም ጠርተው ሰው አይላኩብኝ» ብሎ ለምኖኛል። አሠራሩን ግን እስከገባኝ ድረስ ልንገራችሁ፤ ታፔላ የሚያሠራ ሰው ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ካወቀ የኔ ዕጣ አይደርሰውም።

የኔ ሱቅ የሚሸጠው ማርና ቅቤ ነው። ማሩ ከስናንና ከማቻከል ይመጣል፣ ቅቤውም ከዚያው አካባቢ። ታፔላው ላይ የሚጻፈው «የደጋ ማርና ቅቤ» ብቻ ነው። ፊደሉ ቢጫ፣ ከፊደሉ ሥር ቀይ ጥላ፣ መደቡ ጥቁር አረንጓዴ፣ ጥጉ ላይ ደግሞ ሁለት ንብ ያረፉበት የማር እንጀራ በፎቶ። ሦስት ቀለምና አንድ ሥዕል። ከባድ ነገር አይመስልም።

የመጀመሪያውን የሠራልኝ ሌላ ቤት ነበር። አረንጓዴውን ስቲከር ላሜራው ላይ ሙሉ ለሙሉ ለጠፉት፣ በአረንጓዴው ላይ ቀዩን ጥላ፣ በዚያ ላይ ደግሞ ቢጫውን ፊደል። አንዱን ባንዱ ላይ፣ እንደ ብርድ ልብስ ደራረቡት። ያን ዕለት መብራት ጠፍቶ ስለነበር ቢጫው ደብዘዝ ቢልብኝም በጨለማው አሳበብኩ። በማግስቱ በጠዋት ፀሐይ ሳየው ያው ነው። ጠጋ ብዬ ሳየው ደግሞ አንዱ ፊደል ራሱ ሁለት ዓይነት ቢጫ ሆኗል። ከሥሩ ቀዩ ጥላ ያለበት በኩል የበሰለ ብርቱካን ይመስላል፤ አረንጓዴው ያለበት በኩል ደግሞ ያልበሰለ ሎሚ። ማር የሚመስል ቦታ የለውም።

ከዚያ ክረምት ገባ። ድርብርቡ የጠርዝ ደረጃ ሠርቶ ስለነበር ውኃ እዚያ ይተኛል፣ አቧራም ይይዛል፣ በየፊደሉ ዙሪያ ጥቁር መስመር ተሰመረ። ስቲከሩም ርካሹ ዓይነት ነበርና መሰብሰብ ጀመረ፤ ሲሰበሰብ ጠርዙ ላይ ያለው ሙጫ ባዶውን ይቀራል፣ ባዶ ሙጫ ደግሞ የመንገዱን አቧራ ሁሉ ይለቅማል። መስከረም ላይ የ«ቤ» ቀለበት ረገፈ። እግሩ ላይ ያለችው ትንሿ ክብ። «ቅቤ» የነበረው «ቅበ» ሆነ። እናቱን ተከትሎ የመጣ አንድ ትንሽ ተማሪ ቆም ብሎ፣ ጣቱን ቀስሮ፣ ጮክ አድርጎ «ቅ - በ» ብሎ አነበበ። ልጁ ትክክል ነው፤ ያለውን ነው ያነበበው። እኔ ግን ውስጤ ነደደ። የእንጀራዬ በር ላይ የተጻፈ ነገር ነው፣ በስንት ልፋት ያመጣሁት ዕቃ ስም ነው።

የማር እንጀራው ፎቶ ደግሞ ዓመት ሳይሞላው ሰማያዊ ሆነ። ንቦቹ ሰማያዊ፣ ማሩ ሰማያዊ። ለምን እንደሆነ ያኔ አላወቅሁም፤ አሁን አውቄያለሁ፣ እመጣበታለሁ።

እዚህኛው ቤት የገባሁት ያንን ታፔላ በባጃጅ ጭኜ ነው። የስቲከር ቤቱ ልጅ ስለ ዋጋ አላወራኝም። መጀመሪያ ታፔላውን ውጭ አውጥቶ ፀሐይ ላይ አስደገፈው፣ በአውራ ጣቱ ጥፍር የ«ማ»ን ጠርዝ ቆንጠር አድርጎ አነሳ። ሳይቸገር ተነሳለት። ከዚያ ገባ ብሎ ከቁርጥራጭ ካርቶኑ ውስጥ ሦስት ስቲከር መዞ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠ፤ ነጭ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ። አንድ ረጅም የቢጫ ስቲከር ቁራጭ ልጦ ሦስቱንም እንዲያቋርጥ አድርጎ ለጠፈው።

«እስቲ ይዩት እትዬ» አለኝ።

አንዱ ቢጫ ሦስት ቢጫ ሆነ። ነጩ ላይ ያለው ያበራል። ቀዩ ላይ ያለው ዛገ። አረንጓዴው ላይ ያለው ሞተ።

«ቢጫ ያሳልፋል» አለ። «ወፍራም ቢመስልም ከሥሩ ያለውን አይሸፍንም። ብርሃኑ በቢጫው አልፎ ከታች ያለውን ነክቶ ነው የሚመለሰው። ታች ነጭ ካገኘ ቢጫ ሆኖ ይመለሳል፣ አረንጓዴ ካገኘ አረንጓዴውን ይዞ ይመጣል።»

ይቺን ለማሳየት የፈጀበት ሁለት ደቂቃ አይሞላም። እኔ ግን አንድ ዓመት ሙሉ «ቀለሙ ተጭበርብሮ ነው» እያልኩ ስማረር ነበር። ቀለሙ ምንም አልነበረበትም፣ አቀማመጡ ነው የተሳሳተው።

አሁን ወደ ሥራው። ይኼ ክፍል ረዘም ይላል፣ ግን ዋናው እሱ ነው።

ላሜራው ነጭ ቀለም ተቀብቶ፣ ደርቆ፣ በአልኮል ተወልውሎ ቀረበ። ከዚያ መጀመሪያ የተለጠፈው መደቡ አይደለም። ፊደሉ ነው! ቢጫው ፊደል በቀጥታ ነጩ ላሜራ ላይ ተለጠፈ፣ ግን ከእውነተኛ መጠኑ በዙሪያው 2 ሚሊሜትር ሰፋ ተደርጎ ተቆርጧል። ቀጥሎ ቀዩ ጥላ መጣ፤ ከቢጫው ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ የቢጫውን ትርፍ በስሱ ይሸፍናል፣ በሌላው በኩል እሱም 2 ሚሊሜትር ትርፍ አለው። መጨረሻ ላይ አረንጓዴው መደብ መጣ፣ ፊደሉና ጥላው በሚታዩበት ቦታ ሁሉ መስኮት ተቆርጦለት። እንግዲህ አረንጓዴው የሁሉንም ጠርዝ ከላይ ይዞታል ማለት ነው። ፈዛዛው ከታች ገባ፣ ጥቁሩ ከላይ ጫነው። ጥቁር ቀለም ከሥሩ ያለውን ቢጫ ስለሚሸፍን መጋጠሚያው ላይ የተምታታ መስመር አይታይም፤ ቢጫው ከላይ ቢሆን ኖሮ ግን ያቺ 2 ሚሊሜትር እንደ ቆሻሻ ክር በየፊደሉ ዙሪያ ትታይ ነበር።

ለምን ትርፍ አስፈለገ ብዬ ጠየቅሁ፤ ልክ በልክ ቆርጦ ማገጣጠም አይቻልም ወይ? «ይቻላል፣ ዛሬ ይገጥማል፣ በበጋ ይሰበሰብና ነጭ ስንጥቅ ያሳያል» አለኝ። አመነችኝም አላመነችኝም ሳይል መልሱን ሰጥቶ ሥራውን ቀጠለ፤ ይኼ ጠባዩ ደስ ይለኛል።

ማገጣጠሙን ቆሜ አየሁት። በየቀለሙ ስቲከር አራት ማዕዘን ላይ ትንንሽ የመስቀል ምልክት አብሮ ይቆረጣል። አንዱ መስቀል በሌላው መስቀል ላይ ልክ ሲወድቅ ቀለሙ ሁሉ ቦታውን ያዘ ማለት ነው። አረንጓዴውን ሲያስቀምጡ ረዳቱ ባንድ በኩል ይዞ፣ መሐሉን በወረቀት ቴፕ አስረው፣ ግማሹን ጀርባ ልጠው፣ በላስቲክ ማለስለሻ ከመሐል ወደ ዳር እየገፉ ለጠፉት፣ ከዚያ ቴፑን አንስተው ሌላውን ግማሽ። ትንፋሻቸው አይሰማም። እኔም ሳይታወቀኝ ትንፋሼን ይዤ ነበር።

የ«ቤ» ቀለበት ነገር ለኔ ትልቅ ጉዳይ ስለነበር ደጋግሜ ነገርኩት። እንዲህ አደረገው፦ ከታች ቀለበቱን ባዶ ሳያደርግ ድፍን ቢጫ ክብ ለጠፈ፤ መሐሉ ላይ የሚታየው ቀዳዳ ደግሞ ከላይ የምትቀመጥ አረንጓዴ ነጥብ ሆነች። ቀለበቱ ዙሪያውን በአረንጓዴው ስለተያዘ ተነስቶ የሚሄድበት የለውም። የፊደሉን ቅጥነትም ትንሽ አወፈረው። የኛ ፊደል ቀለበቱና ቅጥያው ብዙ ነው፤ «ቤ»፣ «ጤ»፣ «ሌ»፣ «ቋ»፣ በቀጭን ፊደል ካሠራችሁት በፊደሉ ዙሪያ ያለው ትርፍ ስቲከር ሲለቀም አብሮ ይነሳል፣ ወይ ከዓመት በኋላ ይረግፋል። የሚቆረጥ ጽሑፍ ስታሠሩ ወፈር ያለ ፊደል ምረጡ። ደግሞ ዲዛይኑን ከሌላ ኮምፒዩተር የምትወስዱ ከሆነ ጽሑፉ ወደ ቅርጽ ተቀይሮ ይምጣ፤ የወንድሜ ልጅ የሠራልኝ እነሱ ጋ ሲከፈት ፊደሉ ሁሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ነበር።

ወደ ፎቶው ልምጣ። የማር እንጀራው በማሽን የሚታተም ነው። ማሽኑ ያለው አራት ቀለም ነው፤ ሳያን (ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ)፣ ማጀንታ (ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቀይ)፣ ቢጫ፣ ጥቁር። ነጭ የለውም። ሥዕሉ ውስጥ የሚታየው ነጭ የስቲከሩ የራሱ ነጭ ነው፣ አራቱም ቀለሞች ደግሞ ብርሃን ያሳልፋሉ። ያው የቢጫዋ ነገር ነው፣ እዚህም መጣ። ስልክ ላይ ያየሁት የማር ቀለም እንደ ወርቅ ያበራ ነበር፤ ልጁ ግን መጀመሪያ የክንድ ያህል ናሙና አትሞ ሰጠኝና «የስልኩ ብርሃን ነው፣ ይኼ ቀለም ነው፣ ሱቅዎ ደጃፍ ይዘውት ይቁሙና ይዩት» አለኝ። ሄጄ አየሁት፣ ትንሽ ቀላ እንዲል ጠየቅሁ፣ አስተካከለው። ለናሙናው አላስከፈለኝም።

የንቦቹ ጥቁር ላይም አንድ ነገር ተማርኩ። ጥቁር ቀለም ብቻውን ሲታተም ሰፊ ቦታ ላይ ግራጫ ይመስላል። ስለዚህ ከሌሎቹም ይጨምሩበታል፤ እሱ የተጠቀመው ሳያን 60፣ ማጀንታ 40፣ ቢጫ 40፣ ጥቁር 100 ነው። ሲደመር 240 ከመቶ። «አራቱንም መቶ መቶ ብናደርገው የባሰ አይጠቁርም ወይ?» አልኩት። 400 ከመቶ ቀለም ስቲከሩ አይችልም አለ፤ አይደርቅም፣ ስቲከሩን ያለሰልሰዋል፣ ጠርዙን ይጠቀልለዋል።

እዚህ ላይ ተጣልተን ነበር። ፎቶው ማታ ታተመ፤ እኔ በማግስቱ በጠዋት ላሚኔት፣ ማለት ከላይ የሚሸፍነው ስስ ላስቲክ፣ ተደርጎለት እንዲለጠፍ ፈለግሁ፣ ገበያ ቀን ነበርና። እምቢ አለ። ቀለሙ በፈሳሽ ኬሚካል የሚታተም ስለሆነ እንፋሎቱ እስኪወጣ ቢያንስ 24 ሰዓት ተዘርግቶ መቆየት አለበት፣ ተጠቅልሎም አይሆንም። «ደረቅ ነው እኮ፣ ነክቼዋለሁ» አልኩት። «ለእጅ ደረቅ ነው እትዬ፣ ለላሚኔት ግን እርጥብ ነው። ዛሬ ብሸፍነው እንፋሎቱ ከውስጥ ታፍኖ ይቀራል፣ ከወር በኋላ አረፋ ያወጣል፣ ጠርዙም ይነሳል።» ተናድጄ ወጣሁ። ልጁ የሚያመካኝ መስሎኝ ነበር። ቤት ሄጄ የድሮው ታፔላ ጥግ ላይ ፎቶው አረፋ አውጥቶ እንደነበር ትዝ ሲለኝ ንዴቴ በረደ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ።

ሰማያዊ የሆኑት ንቦች ምሥጢርም ይኸው፦ ፀሐይ ላይ ቶሎ የሚለቁት ቢጫውና ማጀንታው ናቸው፤ ሳያንና ጥቁር ይቆያሉ። ሁለቱ ሲሄዱ የሚቀረው ሰማያዊ ነው። ማርቆስ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የፀሐይ ጎጂ ጨረር 10 ከመቶ ያህል ይጨምራል፤ ብርድ ነው ብለን ፀሐዩን እንንቃለን እንጂ ቀለም የሚበላው እሱ ነው። ለዚህ ነው ልጁ ቢጫውን ፊደልና ቀዩን ጥላ አላትምም ብሎ ቀለሙ አብሮት ከተሠራ ስቲከር የቆረጠው። ለፎቶው ደግሞ ጨረር የሚከላከል ላሚኔት አደረገለት። እስካሁን ማሩ ማር ነው።

የተለጠፈበት ሰዓትም ይጠቀስ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሄጄ ነበር፣ መልሶ ላከኝ። ብርድ ላይ ሙጫው አይዝም፣ ላሜራው ከ10 ዲግሪ በታች ከሆነ ባይነካ ይሻላል አለ። 5 ሰዓት ላይ ጀመሩ።

የመስታወቱን በር በአጭሩ። በሩ ላይ ሥዕሉ ብቻ እንዲታይ፣ ቀሪው መስታወት ባዶ እንዲሆን ፈለግሁ። መስታወት መሳዩ ስቲከር ላይ እንዲሁ ቢታተም ከጀርባው ያለው የሱቁ ጨለማ ቀለሙን ይውጠዋል። ነጭ የሚያትም ማሽን ያለው ሰው ነጩን በማሽን ያትማል፤ ከውጭ የሚለጠፍ ከሆነ ነጩ ቀድሞ ቀለሙ በላዩ፣ ከውስጥ ተለጥፎ ከውጭ የሚታይ ከሆነ ደግሞ ሥዕሉ ተገልብጦ ቀለሙ ቀድሞ ነጩ በኋላ። እነሱ ያ ማሽን የላቸውም። ስለዚህ ገልብጠው አተሙት፣ ከውስጥ በሳሙና ውኃ ለጠፉት፣ ከጀርባው በሥዕሉ ቅርጽ የተቆረጠ ነጭ ስቲከር ደገፉበት። ነጩ በዙሪያው 1 ሚሊሜትር ጠበብ ብሎ ነው የተቆረጠው፣ ከቀለሙ ሥር እንዳያጮልቅ። ከውጭ ስታዩት በሩ ላይ የተሳለ ይመስላል። አንጀቴ ራሰ።

ያልወደድኩት አለ፣ እሱንም ልናገር። ስልክ አያነሱም። ሐሙስ ያሉኝ ሰኞ ነው የደረሰው፣ ከዚያ ውስጥ አንዱ ቀን የማድረቂያው ነው፣ የቀረው ግን መዘግየት ነው፤ «ይቆያል» ብለው ቢነግሩኝ ምን ነበረበት። ዋጋቸውም ከመጀመሪያው ቤት በሲሶ ያህል ይበልጣል። ክፍላቸው ከመንገዱ ጋር ፊት ለፊት ስለሆነ አቧራ ይገባል፣ ፎቶዬ ላይ ከላሚኔቱ ሥር አንዲት ፀጉር የመሰለች ነገር ገብታለች፣ ጠጋ ላለ ሰው ትታያለች። የተማሪዎች ምርቃት ሰሞን ደግሞ አትሂዱ፣ ባነር በባነር ሆነው ነው የሚከርሙት። ለነገ ሠርግ ባነር የሚፈልግ ሰውም ሌላ ቦታ ይሂድ፤ እዚህ የሚመጣ ሰው ቢያንስ ሳምንት ይዞ ይምጣ። የዘመን መለወጫ ሰሞንም እንደዚያው ነው ይላሉ፣ እኔ ግን አላየሁም።

ክረምቱን ታፔላው እንዴት አለፈው? ነሐሴ ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ በረዶ ወርዶ የጎረቤቴን ላስቲክ ቀዳደደው። የኔ ታፔላ ምንም አልሆነም። ጠርዙን በጣቴ ዞሬ ዳሰስኩት፣ የተነሳ የለም። ቢጫው ከማዶ ይጣራል። መስከረም ላይ ግን አንዲት ነገር አገኘሁ፦ በ«ቤ» ቀለበት መሐል ያለችው አረንጓዴ ነጥብ ባንድ በኩል ቀና ብላለች። ትንሽ ስለሆነች የምትይዝበት ሙጫ አነስተኛ ነው፤ መጀመሪያም ደካማዋ ቦታ እሷ እንደሆነች ነግሮኝ ነበር። እንደተለመደው ስልክ አላነሱም፣ በእግሬ ሄድኩ። ልጁ ሳይጨቃጨቅ ከጥቅልሎቹ ሥር ጎንበስ ብሎ አንዲት በላስቲክ የታሰረች ቁራጭ አወጣ። ከኔ ሥራ የተረፈች አረንጓዴ ስቲከር ናት። ጀርባዋ ላይ በእስክሪብቶ «ማርና ቅቤ፣ ግንቦት» ተብሎ ተጽፏል። ከአንድ ጥቅል ካልሆነ አረንጓዴው አረንጓዴ ቢባልም አይገጥምም ብሎ የየሰውን ትርፍ ያስቀምጣል። በዚያው ቀን 9 ሰዓት ላይ መሰላል ይዞ መጣ፣ አሮጌዋን ነጥብ አንስቶ ቦታውን በአልኮል ወለወለ፣ አዲሷን ትንሽ ሰፋ አድርጎ ቆርጦ ለጠፈ፣ በአውራ ጣቱ ጫን ብሎ እስኪሞቃት ያዛት። ለዚህ ገንዘብ አልተቀበለኝም። ግማሽ ኪሎ ማር በግድ አስያዝኩት።